ግብር የምንከፍለው አምነን ነው ፈርተን?

የጎዛምን መምህር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ። መጽሐፉ የመንግሥት ሥልጣን ምንጩ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብም ሥልጣኑን የሚሰጠው በምርጫ ነው ይላል። እኔም ሰሌዳ ላይ እንደዚያው እጽፋለሁ። ግን የራሳችን ታሪክ ይሄን በቀላሉ አይውጠውም። በግንቦት 2007 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 547ቱንም ወሰዱ። አንድም አልተረፈ። በቁጥር ከሄድን ከዚህ በላይ ቅቡል መንግሥት ከየት ይመጣል? ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በመስከረም 2009 መጨረሻ፣ ያው መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በመሃል ነሐሴ 1 ቀን 2008 ባሕር ዳር ላይ የሆነውን የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ።

ወደ ኋላ ልሂድ፣ ወደ 1960። የጃንሆይ መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ አወጣ። አሥራት ይቅር፣ ገበሬው ባገኘው ምርት ልክ ይክፈል ተባለ። ሐሳቡ ብቻውን ሲታይ ክፉ አይደለም። ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ነው። ጎጃም ግን እምቢ አለ። ሞጣ ላይ፣ ቢቸና ላይ፣ ሌላውም ጋ ገማች አናስገባም ተባለ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ደበደበ። አልሆነም። በመጨረሻ ጃንሆይ ገዢውን አነሱ፣ ውዝፉን ማሩ።

ገበሬው የብሩን መጠን ብቻ ፈርቶ ጫካ የገባ አይመስለኝም። ምርት ለመገመት ማሳ መታየት አለበት። ከታየ ይለካል። ከተለካ ደግሞ ርስቱ፣ ከአቅኚው አባት እየቆጠረ የሚካፈለው መሬት፣ የሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ዛሬ የለካ ነገ አይወስድም ያለው ማን ነው?

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው። መንግሥት ሲሰጥ ማንም አይጠላውም። ቅቡልነቱ የሚለየው ሲወስድ ነው። ግብር ሲወስድ፣ መሬት ሲወስድ፣ ልጅ ሲወስድ። ያን ቀን ሰው «ይሁን» የሚለው ምን ሲያይ ነው? እናንተስ?

ቡሬ ገበያ

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ግን ነገሩን አወሳሰቡት።

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። ውሎዬ ከገበሬ ጋር ነው። ገበሬ ስለ ቅቡልነት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቀው «ዳፕ ገባ ወይ?» ብሎ ነው። «ዩሪያስ? ስንት ገባ?» የኛ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ ያለ ማዳበሪያ በቆሎ ቢዘሩበት ገለባ ነው የሚያበቅለው። በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ የጠፋ ጊዜ ሰው መጋዘን በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያድር አይቻለሁ። ሰኔ ካለፈ አለፈ። በቆሎ ስብሰባ አይጠብቅም።

በዚያ ሰሞን መንግሥትን ሲራገም የነበረው ተቃዋሚ አይደለም። ተሰልፎ የመረጠው ራሱ ነው። ስለዚህ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ያመጣ ቅቡል፣ ያላመጣ ቅቡል አይደለም። አለቀ።

ዳሞት 77

ጠመንጃ ያለው መንግሥት ነው። ሌላው የቡና ወሬ ነው።

ዋርካው ሥር

ዳሞት፣ ጠመንጃ ብቻውን ቢበቃማ ጣሊያን ዛሬም ማርቆስ ላይ በሆነ።

የ1928ቱን ነገር ተመልከት። ራስ ኃይሉን መንግሥት በ1924 ከጎጃም አንስቶ ራስ እምሩን ሾመ። የራስ ኃይሉ ግብር ቀላል እንዳይመስልህ፣ ያማረረው ሰው ብዙ ነበር። ግን ሲነሱ ያው ያማረረው ሰው ቅር አለው። ግዛቱ ከአባታቸው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ወጥቶ ከሸዋ ሰው ተላከብኝ አለ። (ይሄን የሰው ጠባይ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። የራስ በዳይ ከሰው አገር ደግ ይሻላል ማለት ነው?) ጣሊያን ሲመጣ ጎጃም በዚያ ቅሬታ ላይ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ብርቱ ውጊያ አልገጠመውም። ከዚያ መሣሪያ ልሰብስብ አለ። በ1930 አገሩ ነደደ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን በጎጃም ከምሽግ ወጥቶ እንደልቡ የሄደበት ቀን ትንሽ ነው።

ቡሬ ገበያ፣ ይሄ ላንተም ነው። ጣሊያን መንገድ ሠርቷል እኮ! «ያመጣ ቅቡል» ካልክ ጣሊያንን ምን ልታደርገው ነው?

ቡሬ ገበያ

ኧረ ጣሊያንን ምን አመጣው! ጣሊያን ጠላት ነው። እኔ ስለ ገዛ መንግሥታችን ነው የማወራው።

ዋርካው ሥር

እኮ። ከማዳበሪያው በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ ማለት ነው። «የኔ ነው ወይስ የሰው?»

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ልጆች፣ ደኅና አመሻችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ስለ መንግሥት በጠቅላላው መናገር አልችልም። ስለ ተሸናፊ ሰው ግን ጥቂት አውቃለሁ።

የተሸነፈ ሰው ሁሉ እኩል አይናደድም። ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተካሰሱ። ጠቡ አንድ ክንድ በማይሞላ መሬት ነው፣ በሬ ቢያዞሩበት የሚጠፋ። ታናሹ ቆሞ ሲናገር ዳኛው አላቋረጡትም። ስለ አያቱ ተናገረ። ስለተነቀለው የድንበር ድንጋይ ተናገረ። ስለ ወንድሙ ሚስት ሳይቀር ተናገረ፣ እሷ ከነገሩ ምን እንዳላት እንጃ። ዳኛው ሁሉንም ጻፉ። ማሳው ድረስ ሄደው በዓይናቸው አዩ። ፈረዱበት። ሰውዬው ከችሎት ወጥቶ ጋቢውን እያስተካከለ «ይሁን፣ ተናግሬ ነው የተረታሁት» አለኝ። ይግባኝ ይላል ብዬ ግልባጩን አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። አልመጣም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው በሌለበት ተፈረደበት። መጥሪያው አልደረሰውም። ገንዘቡ ከፍየል ዋጋ አይበልጥም። ያ ሰው ዓመት ከመንፈቅ ተመላለሰ። ለመንገድና ለራፖር ጸሐፊ ያወጣው ከፍየሏ በላይ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በቅሎ እኮ ትልቅ ሀብት ናት! ጭብጦ ቁራሽ ዳቦ ነው።

አንድ ልጨምር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሳ ዱላ አየር ላይ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ፖሊስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሜዳ ላይ። ዳሞት 77፣ ያን ሰው ያቆመው የማን ጠመንጃ ነው?

ከአባይ ማዶ

ጋሼ የተናገሩትን ፈረንጅም አጥንቶታል። ቶም ታይለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ሰዎችን ሕግ ለምን ታከብራላችሁ ብሎ ጠየቀ። ከቅጣት ፍርሃት ይልቅ አጥብቆ የሚይዛቸው ሕግ አስከባሪው በትክክል ይዞኛል፣ ሰምቶኛል የሚለው ስሜት ሆኖ አገኘው። ማክስ ቬበርም አለ፣ ወግ፣ የመሪ ግርማ እና ሕግ ብሎ በሦስት የከፈለው፣ እሱን እንኳ መምህሩ ያውቁታል።

ግን እኔ ምርጫን እንዲህ በቀላሉ አልተውም። የ2007ቱ ምርጫ ከሸፈ ማለት ምርጫ ከሸፈ ማለት አይደለም። በግንቦት 7 ቀን 1997 ሰው ሌሊት ወጥቶ የተሰለፈው ምን ብሎ ነበር? ወረቀቷ ትርጉም አላት ብሎ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ከጎጃም ወረዳዎች በዚህ አንቀጽ ተጠርቶ የወረደ ተወካይ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ጽፎ ማስቀመጥ ማንም ይችላል።

የማቻከሏ

እኔ የእናቴን ልንገራችሁ።

እናቴ አባቴን ስትፈታ እኔ ሕፃን ነበርኩ። መሬት አልነበራትም። በ1989 በክልላችን መሬት ሲሸነሸን ደረሳት። እንዴት እንደነበር ለማታውቁት፦ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹመት የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ በጃንሆይ ጊዜ ባለጉልት የነበረው ደግሞ «ቀሪ ፊውዳል» ተብሎ ተለየ። ለእነሱ አራት ጥማድ፣ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው፣ ተተወላቸው። ለሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ይፈቀድ ነበር። ከእነሱ የተቆረሰው መሬት ላጣ ሰው ተሰጠ። ከአገኙት ውስጥ ባል የሌላቸው ሴቶች ነበሩበት። እናቴ ሁለት ጥማድ አገኘች።

በቡሬ ገበያ ሒሳብ እናቴ ያንን መንግሥት መውደድ ነበረባት። ሰጥቷታላ! ግን በዚያ መሬት ላይ ዛፍ አትተክልም ነበር። ጤፍ፣ ገብስ፣ አንዳንዴ ድንች። የዓመት ነገር ብቻ። ጎረቤት ዳር ዳሩን በባሕር ዛፍ ሲያጥር እሷ ውኃ መከተሪያ እርከን እንኳ አታወጣም። ለምን ስላት «በስብሰባ የመጣ በስብሰባ ይሄዳል» ትለኛለች። የመሬቱን የፊት ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ስታገኘው ነጠላዋን ትሸፈናለች። ደግ ሰው ነበር፣ አንድ ቀን ክፉ አልተናገራትም። እሱ ነው የባሰባት።

ነገሩ የተለወጠው ደብተር የመጣ ጊዜ ነው። የይዞታ ምዝገባው በክልሉ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ጎዛምን ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ናት። ወደኛ ዘግየት ብሎ ደረሰ። የቀበሌው ሰው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ገመድ ይዞ መጣ። ወሰንተኛ ሁሉ ተጠራ። በምሥራቅ ማን ያዋስናታል፣ በምዕራብ ማን? የፊተኛው ባለቤት የቀረችው መሬት ከእኛ ጋር ስለምትዋሰን እሱም ተጠራ። የገመዱን አንድ ጫፍ የያዘው እሱ ነው። እናቴ ሌላውን። ከዚያ ዝርዝሩ ለሕዝብ ተለጠፈ፣ ቅር የተሰኘ ካለ ይናገር ተባለ። እሱ አልተናገረም።

ደብተሩ ላይ የእናቴ ፎቶ አለ። ሻሽ አስራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። ባለትዳር ከሆነ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። በቀጣዩ ክረምት ባሕር ዛፍ ተከለች። አሁን ቤታችን የተሠራው በዚያ እንጨት ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ጊዜ የሰጣት መንግሥት ነው፣ ያውም አንዱ መንግሥት። በመጀመሪያው አላመነችውም። በሁለተኛው አመነችው። መሬቱ ያው ሁለት ጥማድ ነው።

አራት ጥማድ

ስሜን አይተሽ ሳትገምቺ አልቀረሽም እህቴ።

አባቴ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። የተሾመው ማንበብና መጻፍ ስለቻለ ነው። በ1989 ስሙ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ሊናገር እጁን አወጣ። ቢሮክራሲ እዚህ አይናገርም ተባለ። እጁን አወረደ። ከጎጃም ተነስተው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ፣ አባቴ አልሄደም። ጨዋ ሰው በር አያንኳኳም ብሎ ቀረ።

የመሬቱን ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ ረሳው ማለት እችላለሁ። መሬቱ የደረሳት ሴትዮ ደሃ ነበረች፣ እሱም ያውቃል። እጁን ያወረደባትን ቀን ግን እስኪሞት አልረሳም። ጠላ ቀመስ ሲያደርግ የሚያነሳው ያቺን ቀን ብቻ ነው። «መሬት እንኳ ለደሃ ይሁን። አንድ ቃል ቢያስተነፍሱኝ ምን ነበረበት?» ይላል።

ጋሼ ሬጅስትራር፣ የርስዎን ባለ ፍየል ሳነብ አባቴን ነው ያየሁት።

የማቻከሏ

ነፍስ ይማር። ከልቤ ነው።

ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። አጎቴን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን የጻፈው እንዲህ ያለ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ያንተ አባት አላልኩም። አጎቴ አልተመለሰም። አያቴም ያኔ እጇን አውጥታ ነበር። እሷንም ማንም አላናገራትም።

አራት ጥማድ

እውነትሽን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም።

ዋርካው ሥር

የደርግን ካነሳችሁ ሰው ያን ጊዜ በእግሩ ድምፅ ሰጥቷል። ጎጃም እህል አምራች ስለሆነ የእህል ኮታው ከብዶበት ነበር፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ። ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ሰው ከማሳው ተነቅሎ ሜዳ ላይ በመስመር ቤት ሠራ። በየካድሬው ሪፖርት ሕዝቡ በደስታ ነው የተቀበለው። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ መንግሥት ፍረሱ ሳይል ሰው የቤቱን ወጋግራ እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ያ ሁሉ ደስታ ምን ዋጠው?

ቡሬ ገበያ

እኔ ደግሞ ዕድራችንን አስባለሁ። ከመንግሥት የበለጠ የሚታመን ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሊቀመንበሩ በየዓመቱ መዝገቡን ይከፍታል፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያነብባል። ድንኳኑ ስንት፣ ብረት ድስቱ ስንት። ያልከፈለ ይቀጣል። ሊቀመንበሩ ራሱ ሲቀጣ አይቻለሁ። መንግሥት ለምን እንደ ዕድር አይሆንም?

የማቻከሏ

ከዕድርህ ከከፋህ ትወጣለህ። ሌላ ዕድር ትገባለህ። ከመንግሥት ወጥተህ የት ትገባለህ?

ቡሬ ገበያ

ሱዳን 😀

አወያይ

ጨዋታው ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ። ግን አሁን ያለውን ውጊያ በተመለከተ የወገንና የቦታ ስም አትጥሩ ብለናል። ሁለት አስተያየት አንስቻለሁ። እዚህ የሚያነብ ሰው ዘመዱ በሁሉም በኩል ነው ያለው።

ዳሞት 77

ስም አልጠራም። ካነሳችሁት አንዱ የኔ ነበር።

ቅድም ጠመንጃ ነው ስል ሁላችሁም ሳቃችሁብኝ። እኔ ያለሁበት ቀን አንዱ መጥቶ ይጠይቃል፣ ሌሊት ሌላው መጥቶ ይጠይቃል። አንዱ ለዚያኛው ለምን ሰጠህ ይላል። ሌላውም እንደዚያው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ከቀሩ ቆዩ። በሕግ አምላክ ብል ማን ይቆምልኛል ጋሼ? የምሰጠው አምኜ አይደለም። የመምህሩ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው፣ ፈርተን።

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ልጄ፣ ማንም አልሳቀብህም። እግዜር ይጠብቅህ፣ ልጆችህንም።

ለመልስ ብዬ አይደለም ይሄን የምጽፈው። ያልከው ነገር ራሱ ልዩነቱን ያሳያል። ፈርተህ የምትሰጠውን ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ በምን ቀን እንደሆነ ታስታውሳለህ፣ አይደለም? አምኖ የሚከፍል ሰው ደረሰኙን የት እንደጣለው አያውቅም። መዝገብ ቤት ሳለሁ የተጨማደደ፣ በላብ የራሰ ደረሰኝ በጨርቅ ቋጥሮ የሚያመጣ ሰው ሳይ፣ ይሄ ሰው ተበድሏል እል ነበር። ብዙ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

ዋርካው ሥር

በአገራችን መንግሥት ሲላላ ሰው የጎበዝ አለቃ ይመርጥ ነበር። ሌባ እንዳይገባ፣ ከብት እንዳይነዳ። ካጠፋ ይሽሩታል፣ ጎረቤታቸው ነውና ቤቱን ያውቁታል። ግን ነገሩን አላሳምረውም። የጎበዝ አለቃ ሲጠነክር እሱም ግብር መብላት የሚጀምርበት ጊዜ አለ።

በላይ ዘለቀን አስቡት። በጠላት ዘመን ማንም አልሾመውም። ተከታዮቹን ራስም ደጃዝማችም ብሎ የሾመው ራሱ ነው፣ ሰውም ተቀበለው። ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ በጥር 1937 ተሰቀለ። የሰቀለው ሕጋዊው መንግሥት ነው፣ በችሎት ተፈርዶበት። ጎጃም ግን እስካሁን ሲያቅራራ የሚጠራው የማንን ስም ነው? የከሳሾቹን ስም የሚያስታውስ አለ?

ከአባይ ማዶ

ዋርካው፣ ይሄማ የጋሼን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ችሎት ነበረ፣ ፍርድ ነበረ፣ ሰው ግን አልተቀበለውም።

የጎዛምን መምህር

እኔም እዚያው ላይ ነኝ። ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ልሟገትዎ።

ሥርዓት ነው ቅቡል የሚያደርገው ካልን፣ የ1960ው አዋጅ እኮ በሥርዓት የወጣ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በምርጫ የተቀመጠ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበረ፣ በጉዳዩም ተከራክሯል። በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። የጎደለ ማኅተም የለም። ታዲያ ገበሬው ለምን ነው ያልተቀበለው? የማቻከሏ እናት ገመዱን ይዛ አመነች፣ የሞጣው ገበሬ ገመድ እንዳይመጣ ጠመንጃ አነሳ። ሁለቱም ልኬት ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር

መምህር፣ ሙግትህ ጥሩ ነው። በድሮው ችሎት ብትሆን በላ ልበልሃ ባስባልኩህ ነበር።

ለዚያ ምክር ቤት ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ፓርቲም የለም። እሱ ይቅር። አዋጁ ሥርዓቱን የጨረሰው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሞጣ ድረስ የመጣው ሥርዓቱ አይደለም፣ ገማቹ ነው። ገማቹ ማሳ ዳር ቆሞ ይሄ ይሄን ያህል ያወጣል ቢል፣ ገበሬው አያወጣም ብሎ የሚሟገተው ማን ፊት ነው? ገዢው ፊት። ገዢው ደግሞ ጦር የሚልከው ሰው ነው። በማቻከሏ ጊዜ ገመዱን የያዙት ሁለቱ ባለጉዳዮች ናቸው። ኮሚቴው ነገ በገበያ የሚያገኙት ጎረቤታቸው ነው። ዝርዝሩ የተለጠፈው የማያነብ ሰው ልጁን ልኮ ሊያስነብብ በሚችልበት ቦታ ነው።

የበላይን ነገር አልመልስልህም። እሱ ላይ እኔም አንድ ነኝ።

ቡሬ ገበያ

ጋሼ፣ አንደበትዎ ይጣፍጣል፣ ግን እኔን አላሳመኑኝም። ሰምቶኝ፣ ዝርዝር ለጥፎልኝ፣ ገመድ አስይዞኝ ማዳበሪያ ካላመጣ ምን ይሠራልኛል? በቆሎዬ በክብር አይበቅልም።

ጡረተኛው ሬጅስትራር

እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የማዳበሪያው ጊዜ መጋዘኑ በር ላይ ሁከት ነበር ሲባል ሰምቼ ነበር። በሁሉም ቀበሌ ነው?

ቡሬ ገበያ

አይ፣ በሁሉም አይደለም። የኔ ደንበኞች ከሁለት ቀበሌ ናቸው። በአንደኛው ሊቀመንበሩ የገባውን ኩንታል በሙሉ በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፣ ከነስም ዝርዝሩ። ለሁሉም የደረሰው ግማሽ ግማሽ ኩንታል ነው፣ የሱ ወንድምም ያው ግማሽ ነው የወሰደው። ሰው እያጉረመረመ ተሸክሞ ሄደ።

በሌላው ቀበሌ ሙሉ ኩንታል ያገኙ ብዙ ነበሩ። ዝርዝር የሚባል ነገር አልተለጠፈም። በሩ የተሰበረው እዚያኛው ነው።

የማቻከሏ

ቡሬ ገበያ፣ እስቲ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው 😀

ቡሬ ገበያ

አንብቤዋለሁ። ግማሽ ኩንታል የወሰዱትም በቆሏቸው ግማሽ ነው የበቀለው፣ እሱንም ጻፉልኝ። ነገ ቡሬ ገበያ ነው፣ በጊዜ ልተኛ።